ነጠላ ጫማ ለሰሚራ ልጅ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በግማሽ ጆሮ ነበር። ጠልቼ አይደለም፤ አማርኛዬ ከዚያ በላይ አልዘልቅ ስላለኝ ነው። የተወለድኩት ኦክላንድ ነው። ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲያናግሩኝ እሰማለሁ፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ የማላውቀው ቃል ሲመጣም ማንንም ሳልጠይቅ ከራሴ አንድ ነገር እሞላበታለሁ። ስለዚህ እማ ዘሀራ የነገሩኝ ተረትና እኔ የሰማሁት ተረት አንድ ይሁኑ አይሁኑ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

እማ ዘሀራ የአባቴ አክስት ናቸው፣ የኮምቦልቻ ሰው። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ሶፋችን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመጡት ከሳን ሆዜ፣ ከልጃቸው ከሰሚራ ቤት ነበር። ለምን ትተው እንደመጡ የነገረኝ የለም። እናቴ «እንግዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ አንቺ አትበያቸው፣ እርስዎ በያቸው» አለችኝና በዚያው ቀረ። «እርስዎ» ግን ምላሴ ላይ አልሄድ ስላለኝ «አንቺ» እላቸው ነበር፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሏቸው አያውቅም።

ያኔ እናቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች፣ አባቴም ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ አመሻሹን ቤቱ የእኔና የእማ ዘሀራ ብቻ ነበር። መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ ትልቁን መብራት ያጠፉና ከሶፋው ዳር ያለችውን ትንሿን ብቻ ትተው፣ ግድግዳው ላይ ካለው የጋዝ ማሞቂያ አጠገብ ይቀመጣሉ። ማሞቂያው ሲለኮስ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፤ እሳቱ ከብረቱ ፍርግርግ ኋላ አንዴ ሰማያዊ አንዴ ብርቱካን እየሆነ ይንቀጠቀጣል። ባቡር ከቤታችን አጠገብ ያለውን ድልድይ ሲያቋርጥ መስኮታችን ይርገበገብ ስለነበር እሳቸው ጮኸው ሊበልጡት አይሞክሩም፤ ቃላቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው እስኪያልፍ ይጠብቁታል። ከዒሻ ሶላት በፊት ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ተረት ይነግሩኛል፤ እጃቸው ግን ሥራ አይፈታም። ጫፏ ቆልመም ባለች መርፌ ኪሮሽ ይሠራሉ፤ የክሩ ልቃቂት ጭናቸው ላይ እየተንከባለለ ያንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ የቆቅን ተረት ነበር። ቆቅ ወፍ መሆኗን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን የጎረቤታቸው ስም መስሎኝ ነበር። ቆቋ አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ አንድ ቀን ለእናቷ ሳትነግር የቦርከናን ወንዝ ተሻግራ ወዲያ ማዶ ጎጆዋን ሠራች። እናትየው ወሬውን የሰማችው ከእርግብ ነው። ከዚያ ወዲያ ቆቋ ወንዙ ዳር ቆማ ማዶ ማዶውን ታያለች፤ ለልጇ ጎጆ ምንጣፍ ይሆናል ብላ ከደረቷ ላባ እየነቀለች ታከማቻለች፤ ግን አትሻገርም።

«ለምን አትበርም?» እላቸዋለሁ ክንዶቼን እያርገበገብሁ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ክንዴን አይተው ይገባቸዋል።

«ኩራት የተጫነው ክንፍ ይከብዳል፣ ልጄ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነገ ነው።»

ነገም እዚያው ወንዙ ዳር ያቆሙታል።

አንድ ምሽት ከእጃቸው ላይ የመዳፌን ግማሽ የምታክል ሞላላ ነገር አየሁ። ክሩ የሎሚ ቀለም ነበረው። ዙሪያውን እየዞሩ ጠርዝ አወጡላት፣ በላይዋ ማሰሪያ አሳለፉባት፣ ከአባቴ አሮጌ ሸሚዝ የቆረጧትን ቁልፍም ዳር ላይ ሰፉባት። ምንድን ነው ስላቸው «ለሕፃን ነጠላ ጫማ ነው» አሉኝ።

ሕፃን ገባኝ። ጫማም ገባኝ። ነጠላ የማውቀው ግን የሚለበሰውን ነው፤ እሱ ደግሞ እግር ላይ ምን እንደሚሠራ አልታየኝም። በማግስቱ አባቴ በታክሲው ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ነጠላ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። መንገዱ ተጨናንቆበት መስታወቱን እያየ «ነጠላ? ሲንግል። አንድ ብቻ ማለት ነው» አለኝ።

አንድ ብቻ ጫማ።

እማ ዘሀራ ያለቀችውን ጫማ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጧት። ሁለተኛዋን ይጀምራሉ፤ መርገጫዋ ገና ቅርጽ ሲይዝ ግን ክሩን ጫፉን ስበው ይተረትሩታል። ያኔ ተረትና መተርተር አንድ ሥራ ይመስሉኝ ስለነበር፣ ክሩ እየተፍታታ ሲመለስ ሳይ ተረቱ የሚወጣው ከዚያ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። አንድ ቀን ግን አላስችል ብሎኝ መጀመሪያ ቀኝ እግሬን፣ ቀጥዬ ግራውን አንስቼ «ሌላውስ?» አልኋቸው።

«ላሁኑ አንዱ ይበቃል» አሉኝ።

በቃ፣ ሕፃኑ አንድ እግር ብቻ ነው ያለው ማለት ነው።

የማን ሕፃን እንደሆነ እናቴን ጠየቅኋት። ለሥራ ጫማዋን እያሰረች ነበር። «የሰሚራ ነዋ፤ ሌላ ማን አለ» አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሳቸው ፊት እንዳታነሺው፣ ያማቸዋል» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔ የማውቀው ማንሳት ከመሬት ወይም ከጠረጴዛ ላይ ማንሳትን ነው። ስለዚህ ያቺን ጫማ ባነሳት እማ ዘሀራ ይታመማሉ ብዬ ወደ መስኮቱም መጠጋት ተውኩ።

እውነቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሰሚራ ማኑኤል የሚባል፣ ፍሪሞንት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የሜክሲኮ ልጅ አግብታ ኖሯል። ኒካሁን ያሰሩት ለእናቷ ሳትነግር ነው፤ እምቢ ይሉኛል ብላ ፈርታ። እማ ዘሀራ የሰሙት ሳን ሆዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ አንዲት ሴት «እንኳን ደስ ያለዎት» ስትላቸው ነበር። በዚያው ሳምንት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ሰሚራ ስትደውል ስልኩን አያነሱም፤ አባቴ ወጥ ቤት ገብቶ በሹክሹክታ «ደህና ናቸው፣ አትጨነቂ» ይላታል፣ የእማ ዘሀራም መርፌ እሱ እስኪወጣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እኔ ያኔ ይህን ሁሉ የማየው የአንድ ነገር ምልክት አድርጌ ነበር፦ ስለዚያ ሕፃን እግር ማንም እንዲወራ አይፈልግም። ሕፃኑ ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ አስባለሁ። ትምህርት ቤት ሥዕል ስንሥል በአንድ እግሩ የቆመ ሕፃን ሥዬ፣ መምህሬ ሌላውን እግር ረስተሻል ብትለኝ አልረሳሁም አልኋት።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት እማ ዘሀራ የዐስር ሶላት እየሰገዱ ሳለ ስልኩ ጠራ። እኔ አነሳሁት። ሰሚራ ነበረች።

«ሐያትዬ፣ አባ አለ? ኮል ባክ እንዲያደርግልኝ ትነግሪልኛለሽ?»

«እሺ» አልኩና፣ ልዘጋው ስል አላስቻለኝም። «ሰሚራ፣ ልጅሽ በአንድ እግር እንዴት ነው የሚሄደው?»

«ምን?»

«አንድ እግር ነው ያለው አይደል?»

«ማነው እንደዚህ ያለሽ?» ድምጿ ቀጠነ። «ሐያት፣ ማነው ያለሽ?»

ደነገጥሁ። በእንግሊዝኛና በአማርኛ እየቀላቀልሁ እማ ዘሀራ ለሕፃኑ አንድ ጫማ ብቻ እንደሠሩለት፣ ሌላው እንደማያስፈልገው፣ ስሙም ነጠላ እንደሚባል ነገርኋት። ሰሚራ «እማ? ለእኔ ልጅ? በእጇ?» አለች።

«በኪሮሽ።»

የሚስቅ ሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ መሆኑ ቀረ። «ምንም እንዳትያት፣ እሺ የኔ ቆንጆ?» አለችኝና ስልኩ ተዘጋ። እማ ዘሀራ ሶላታቸውን ጨርሰው ዞር አሉና ማነው ብለው ጠየቁኝ። «ሮንግ ነምበር» አልኋቸው። ሲያዩኝ ቆዩ፤ ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም አንድ ነገር የሰበርሁ መሰለኝ።

እሑድ በራችን ተንኳኳ። አባቴና እናቴ ሁለቱም ቤት ነበሩ። አባቴ ሲከፍት ሰሚራ በእርጥብ ጃኬቷ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ገብቷል። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለች። እማ ዘሀራ ከማሞቂያው አጠገብ ሆነው ቀና ሳይሉ «ወዐለይኩም ሰላም» አሉ።

«እማ» አለች ሰሚራ እዚያው ቆማ፣ «ልጄ ሁለት እግር አላት። በአልትራሳውንድ አይቻለሁ።»

«ምንድን ነው የምትዪው?» አሉ እማ ዘሀራ።

አባቴ ሰሚራን አየ፣ ሰሚራ እኔን አየችኝ፣ እኔም መስኮቱ ላይ ያለችውን ጫማ አየሁ። ሰሚራ በስልክ ያልኋትን ነገረቻቸው። እማ ዘሀራ ሲሰሙ መጀመሪያ ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሊቆጡ ይሁን ሊስቁ ሳይለይልኝ እንዲህ አሉ፦

«ማግባትሽን ለቅሶ ቤት ሰው ነገረኝ። ማርገዝሽንም ሰው ነገረኝ። ከሰው ለሰማሁት ልጅ አንድ እግር ጫማ ሠራሁ። ሌላውን ያቆየሁት አንቺው በአፍሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው፤ ስጀምረው እጄ እምቢ ይለኛል።»

ሰሚራ ሆዷን ደግፋ እንደምንም ተንበረከከችና ጉልበታቸው ላይ ግንባሯን አሳረፈች። «ይኸው ነገርኩሽ። ልጅ ልወልድ ነው፣ እማ። ሴት ናት።»

እማ ዘሀራ እጃቸውን አንስተው የት እንደሚያሳርፉት የጠፋቸው ይመስል አየር ላይ ትንሽ አቆዩት፤ ኋላ ጸጉሯ ላይ አደረጉት። «ከስተሻል» አሏት። ቀጥለውም «ባልሽስ?» ብለው ጠየቁ።

«ታች መኪና ውስጥ ነው።»

«የሰው ልጅ ታች አስቀምጦ መምጣት ከማን ተማርሽ? ጥሪው!»

ማኑኤል ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጨመቀ ገባና ሲለማመደው የቆየውን ሰላምታ በአንድ ትንፋሽ አለው። እማ ዘሀራ ሰላምታውን መልሰው ወደ አባቴ ዞሩ፤ «ይህ ልጅ ምን ይበላል?» አሉ። እናቴ ስታለቅስ የነበረችው ሳቀች፣ ሰሚራ ስትስቅ የነበረችው አለቀሰች። እኔን ያኔ ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ይህ ነበር። አባቴ በር ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጫማውን አምጥቶ «ነጠላ ጫማ ማለት ይኸው ነው፤ ሁለት ናቸው፣ አየሽ?» አለኝ። ሁለት ከሆኑ ለምን ነጠላ እንደሚባሉ ብጠይቅ ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። እማ ዘሀራ ግን ልቃቂቱን አንስተው ሥራ ጀምረው ነበር። ያን ቀን አልተረተሩትም።

ሰሚራ ኑራን ስትወልድ እማ ዘሀራ ሊያርሷት ወደ ሳን ሆዜ ሄዱ፤ የሚመለሱም አልነበሩም። ከመሄዳቸው በፊት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጬ «ቆቋስ?» አልኋቸው።

«ተሻገረች» አሉኝ።

እንዴት እንደተሻገረች እንዲነግሩኝ ጠብቄ ነበር፤ ተረቱ ግን እዚያው አለቀ። ከዚያ ሙሉውን በአማርኛ ጠየቅኋቸው፣ እናቴ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች፦ «ወዲህ ማዶስ ማን ቀረ?» እማ ዘሀራ ለጥያቄዬ ሁሉ መልስ ነበራቸው፤ ያን ዕለት ግን አቀፉኝ።

በዚያ ሰሞን የመጣ ዘመድ ሁሉ «እናትና ልጅ ያስታረቅሽው አንቺ ነሽ» እያለ ጉንጬን ይስመኛል። ደስ እንዲለኝ ይጠብቃሉ፣ እኔም ፈገግ እላለሁ። ማንን እንዳስታረቅሁ ግን በደንብ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው አመሻሹ መጉደሉን ነው። እማ ዘሀራ በስልክ «በላሽ? ትምህርት እንዴት ነው?» ይሉኛል፣ ተረት ስላቸው ግን «ፊትሽን ሳላይ እንዴት አድርጌ» ይሉኛል። ደስታ እንዲህ ሰው ይዞ እንደሚሄድ ያኔ የነገረኝ የለም፤ ዛሬም አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ያን ወቅት ሳስብ ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ መለየት ያቅተኛል።

እሳቸው በሄዱ ሳምንት አባቴ ከሥራ ቀደም ብሎ ገባ። ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ እኔ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጃኬቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለና ጉሮሮውን ጠረገ። ተረት አያውቅም፤ አውቃለሁ ብሎም አያውቅም። «አንድ ሰውዬ ነበረ» አለ። ከኤርፖርት ያሳፈረው ሽማግሌ ነው፤ የልጁን ቤት ይፈልጋል፣ አድራሻው ግን ጠፍቶታል፣ የሚያስታውሰው በሩ ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ነው፤ አባቴ እዚያው አቅራቢያችን ያለችውን ኒውአርክን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ በር እያፈላለገ ዞረ። እየቆየ ድምፁ ከፍ አለ፣ እጁም ተንቀሳቀሰ። ባቡሩ ሲያልፍ አላቆመም፤ ስለዚህ መሐሉን አልሰማሁትም።

«ተረት ነው?» አልኩት።

«ኧረ የዛሬ ነው» አለ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና «እንጃ» አለኝ።

እኔም እንጃ። ወደሱ ተጠጋሁና «ከዚያስ?» አልኩት።