ፍሪዘር የገባው ግልገል

እንዴት ያሉ ሴት መሰሏችሁ! የሞተች ዶሮዬን ላስመረምር በፌስታል ይዤ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔን ከእሳቸው መንቀል አቃተኝ። የዱር እንስሳት በሽታ ፕሮፌሰር ናቸው። የጎማ ቦቲያቸው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ የጋውናቸው ቁልፍ የተተከለው በቁስል መስፊያ ክር ነው። ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ሳንባ ሲቆርጡ ያንጎራጉራሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀበሮ ስቀድ ኖርኩ፤ ሲሮጥ ግን አንድም ቀን አላየሁም» ይላሉ፣ እንደ ሙያ ቆጥረው።

አንድ የፓርክ ጠባቂ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የቀበሮ ግልገል አመጣላቸው። በሁለት ሳምንት አራት ግልገል ሞቶበታል፤ የሚገድላቸው በሽታ ካልታወቀ ደግሞ መድኃኒት አያገኝም። ፕሮፌሰሯ ሬሳውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ፍሪዘር ውስጥ የከተተው ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ እንዳይበላሽ ብዬ።»

«ጎበዝ! በረዶው ውስጥ ለውስጥ አፈራርሶልሃል። በማይክሮስኮፕ ባየው ጭቃ ነው። በል፣ ሌላ እስኪሞት ጠብቅና ሳይቀዘቅዝ አምጣልኝ።»

«የቀረችኝ እኮ እናታቸው ብቻ ናት።»

«እንግዲያው ስልኬን ያዝ፤ ልክ ስትሞት ደውል።»

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ጠባቂው እስክሪብቶ ከእኔ ተዋሰና ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈ።