የሐጂ ስኳርና ከገፈርሳ ማዶ ያጉረመረመው ሰማይ

ቡራዩ ቀዝቃዛ ከተማ አይደለችም። ደጋ ናት፣ ነፋሻ ናት፣ ጋቢ ታስለብሳለች የሚሉ ሰዎች በግንቦት ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው አያውቁም። ስለ አየራችን የሚመሰክሩልን ብዙዎቹ በመኪና መስኮት ያዩን መንገደኞች ናቸው።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሳው ግርግር ገና ባልበረደበት ዓመት ሙቀቱ ከወትሮው የባሰ መሰለኝ። ምናልባት አድማ ስለነበረ ይሆናል። ሱቁ ዝግ፣ ታክሲ የለ፣ መንገዱ ጭር ያለ፤ ሥራ የፈታ ሰው ላቡን ከመቁጠር ሌላ ምን ያደርጋል? መጻሕፍቴም ሰለቹኝ። ስለዚህ ሁላችንም «ኦቦ» ብቻ የምንላቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። ባለሱቁ ሐጂም እዚያው ናቸው።

ሐጂ ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ ነው። ሱቃቸው ከኦቦ ግቢ ዝቅ ብሎ፣ በጋውን ሙሉ ደርቆ በሚከርም ቦይ ዳር ነው ያለው። የእኛ ሙቀት ያስቃቸዋል።

«ይሄን ነው ሙቀት የምትሉት? ድሬ እንዲህ ሲሆን ብርድ ልብስ ይወጣል።»

«ታዲያ ምን ያልብዎታል?» አልኳቸው።

«ወሬህ ነዋ የሚያልበኝ፣ አቦ!»

ሐጂ ማንንም አንቱ አይሉም፤ የድሬ ልጅ ናቸው። ኦቦ በዕድሜ ቢበልጧቸውም «አንተ» ሲባሉ ቅር አይላቸውም። እንዲያውም ወጣትነታቸው የተመለሰላቸው ያህል ፈገግ ይላሉ።

አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ከገፈርሳ ማዶ፣ ከተራራው በኩል ከባድ ድምፅ ተሰማ። በዚያ ሰሞን ድም ያለ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይጣራ አይታለፍም። ሲደግም የኦቦ ፊት ፈታ አለ።

«ነጎድጓድ ነው፤ ተመስገን!»

ሐጂ ግን ብድግ አሉ። «ስኳሬ!»

ስኳር በጠፋበት ወቅት ስንት ደጅ ጠንተው ያገኙት ስኳር በጆንያ በጆንያ ሆኖ ሱቃቸው ወለል ላይ ተደርድሯል። በእኛ አናት ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አንተ ሰማይ እይ» አሉኝ። «ድሬ ጎርፍ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ ነው። ዝናቡ ተራራው ላይ ይጥላል፣ ውሃው ታች የደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ የተቀመጠውን ሰው ይወስዳል። ተራራው ካጉረመረመ ከአሸዋው ትወጣለህ፤ አለቀ!»

ችግሩ ስኳሩን ለማውጣት ሱቁ መከፈት ያለበት መሆኑ ነው። በዚያ ሳምንት በሩን የከፈተ ነጋዴ ድንጋይ ይጠብቀዋል። ካልተከፈተ ደግሞ፣ ሐጂ እንደሚሉት፣ ስኳሩ ወንዝ ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። እኔ ትንሽ እንጠብቅ አልኩ። የሰማኝ የለም። ኦቦ የግቢያቸው በር ላይ ቆመው፣ መስቀለኛ መንገዱ ላይ አድማውን ወደሚጠብቁት ወጣቶች ተጣሩ።

«ኮታ! ኑ እንጂ!»

መጡ። አንደኛው እየሳቀ «ሐጂ፣ አድማ ሊሰብሩ ነው እንዴ?» አላቸው።

«ልሰብር ብፈልግ አንተን እጠራለሁ? ና ተሸከም!»

ተያዩና ተሸከሙ። የተከፈተ በር ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ የተባሉት ልጆች በሩን ደግፈው ያዙ። ያ የሚስቀው ልጅ መደርደሪያው ላይ ዓይኑን ጥሎ፣ «ሐጂ፣ በዚያው አንድ ሳሙና ይሽጡልኝ» አለ።

«አድማ ላይ ነኝ!» አሉ ሐጂ።

ጆንያዎቹን ከቦዩ አርቀን ኦቦ ግቢ መሃል፣ ሜዳው ላይ ከመርናቸውና ጎርፉን መጠበቅ ጀመርን። ሁላችንም ቦዩ ላይ አፍጥጠን ስለነበር ደመናው ራሱ ተራራውን ለቆ እላያችን ላይ እንደደረሰ ያየ አልነበረም። ድሬ የሚያስተምረው ተራራውን ማየት ነው፤ አናትን ማየት አይደለም። በረዶው ባቄላ ባቄላ እያከለ ወረደ። እየተጋጨን፣ እየተሳደብን፣ ስኳሩን ወደ ኦቦ ቤት አስገባነው፤ ሶፋው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ቦታ በተገኘበት ሁሉ። አንዱ ጆንያ ግን ሜዳው ላይ ቀረ። ደጃፍ ላይ ቆመን ሲቀልጥ አየነው።

ቦዩ ውስጥ የወረደው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። የሱቁ ወለል አልረጠበም።

«ሱቁ ውስጥ ቢቀር ኖሮ አንድም ጆንያ አይበላሽም ነበር» አልኩ።

ኦቦ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ልክ መሆን አይሰለችህም?»

ሐጂ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከረጠበው ጆንያ የተረፈውን ስኳር አስገቡና ለኦቦ ባለቤት ሰጧቸው፤ እሳቸውም ትልቁን ማንቆርቆሪያ ጣዱ። ጣሪያው በበረዶ እየተደበደበ፣ ሙቀቱ ጠፍቶ፣ የአድማው ጠባቂዎችና እኛ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሽሮፕ የመሰለ ሻይ ጠጣን። እንደዚያ የጣፈጠ ሻይ ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። የሐጂ ሱቅም በዚያ ሁሉ ግርግር አንድ መስታወት አልተሰበረበትም።

ስለዚህ አንባቢ፣ ጎረቤትህ «ጎርፍ መጣ» ብሎ ሲነሳ ሰማዩን አትይ፣ አትከራከረው። ተነስና የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዝ።