አቶ አግዳሚ

ክራባታቸውን አሳምረው ያሰሩት ሽማግሌ ዛሬም ጠዋት ከች ሲሉ የክሊኒኩ ዘበኛ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አቶ አግዳሚ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት። የክልሉ ምክር ቤት አባል ናቸው፤ ታካሚ ቆሞ ተራ እንዳይጠብቅ፣ ክሊኒክ ሁሉ አግዳሚ ወንበር እንዲኖረው ሕግ ያስወጡት እሳቸው ናቸው። ባልደረቦቻቸው «ደግሞ ለወንበር ሕግ!» ብለው ቢስቁባቸውም ወይ ፍንክች ብለው ነበር።

እንደ ልማዳቸው ወንበሩን ነቅነቅ አድርገው ጥንካሬውን አዩና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ኧረ አባባ፣ አረፍ ይበሉ! የራስዎ ወንበር አይደል?» አለቻቸው ዘበኛዋ።

የወንበሩን ባዶ ጫፍ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«ባለቤቴ ተራዋ ሳይደርስ የወደቀችው እዚችው ጋ ቆማ ነው።»

ይህን ብለው በሩ ላይ ወደምታመነታ አንዲት በሽተኛ ዞሩ።

«ነይ እናቴ፣ ቁጭ በይ፤ ቦታ አለ።»