መሃል ተከላካይዋ እትዬ አስካለ

ደረቅ የምርጊት አሸዋ ከግድግዳ ተራግፎ ፕላስቲክ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ የማያውቀው ሰው ልብም አይለው። ባለፈው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋ ሠራተኛ ግድግዳ ሲበሳ፣ አሸዋው ከኮምፒውተሬ ጀርባ ሽርር ብሎ ወረደና እጄ ሥራውን ትቶ ቀረ። እሪ በከንቱ የነበረው ቤታችን፣ ወንድሜ ጀማል፣ የዚያ ዓመት ዝናብ፣ ሁሉም ተከታትለው መጡብኝ።

ቤታችን ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ ተዳፋት ላይ የተሠራ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበር። ለሁለት ተከፍሎ በአንደኛው ወገን እኛ፣ በሌላኛው ወገን እትዬ አስካለ የሚባሉ ብቸኛ ጡረተኛ ይኖሩበት ነበር። የጀርባው ግንብ ግን አንድ ነበር፤ ከእኛ ክፍል ጀምሮ በእሳቸው ክፍል አልፎ ይሄድና ከበላዩ ያለውን አፈር ደግፎ ይይዝ ነበር። አባታችን ፒያሳ ላይ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ይጠግን ነበር፤ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ቤት ሲገባም ትንንሽ ብሎን ሲያይ የዋለው ዐይኑ ራቅ ያለውን ነገር ቶሎ አይላመድም ነበር።

በጥቅምት፣ ጀማል የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎ ስለነበር፣ አባ ከአንድ የተዘጋ ጌም ቤት ያገለገለ ማጫወቻ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር አመጣለት። ቴሌቪዥኑ የሚቀመጠው የጀርባውን ግንብ ተደግፎ ነበርና እኔና ጀማል ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ቦርሳችንን ጥለን ፊታችንን ወደዚያ ግንብ አዙረን እንቀመጥ ነበር። እሱ ዐሥራ አምስት፣ እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር።

የምንጫወተው የእግር ኳስ ጌም ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥቂ ሲያሳድድ ጀማል ግን ተከላካይ ሲመርጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። በእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ትይዩ የፍጥነቱ፣ የጉልበቱ፣ የቁመቱና የቦታ አያያዙ ቁጥር ይደረደራል፤ እኔ ፈጣኖቹን፣ ከፈጣኖቹም ፀጉራቸው የሚያምረውን እየመረጥኩ ጎል በጎል ሆኜ እሸነፍ ነበር።

«ፋራ አትሁኚ ሀያት» ይለኝ ነበር፤ «ፍጥነቱ አያታልልሽ። ሮጦ የሚመለሰው መጀመሪያ ቦታውን ጥሎ ስለሄደ ነው። ጥሩ ተከላካይ ኳሷ ሳትመጣ አደጋው ይታየዋል፤ ካየም ይጮኻል።»

«የሚጮኸውን በምን አውቀዋለሁ?»

«ፊቱን እዪው» አለኝ። እውነትም ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ትቼ ፊት እያየሁ መምረጥ ጀመርኩ።

በጋው ሲገባ ጀማል በጌሙ ውስጥ የተጫዋቾችን ስም መቀየር እንደሚቻል ደረሰበትና የራሳችንን ሰፈር ቡድን ማቋቋም ጀመርን። አጥቂ ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ጭቅጭቁ ተከላካይ ላይ ነበር። የቀኝና የግራ መስመር ተከላካዮቹ በየሳምንቱ ይለዋወጡ ነበር፤ መሃሉ ላይ ግን ሳንነጋገር የተስማማንባቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አባና እትዬ አስካለ። እትዬ አስካለ ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ግቢው በር ላይ ዱካ አውጥተው ይቀመጡ ነበር፤ የማያውቁት ሰው ብቅ ሲል እግራቸውን ሳይሰበስቡ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይሉታል፤ በቅጡ ካልመለሰ አያልፍም።

«እሳቸውን አልፎ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ጀማል ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ። የሰጣቸው ተጫዋች ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጢማም ነበር። ጠርተን ስናሳያቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

«ጢም ማብቀሌን ማንም አልነገረኝም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስንጫወት በመስኮት እያዩ «አስገባሁ ወይስ አዳንኩ?» ይሉን ነበር። እኔም ማታ ማታ ሳይመሽ እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ መርፌያቸው ውስጥ ክር አስገባላቸው ነበር። አልጋቸው የጀርባውን ግንብ ታኮ ነበር።

ስንጥቁን ያየነው እኛ ልጆቹ ነን። ቀኑን ሙሉ ወደዚያ የሚያይ ሌላ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ነበረች፤ ጀማል ጫፏ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከወር በኋላ መስመሯ ምልክቱን አልፋ ነበር፤ ሌላ ምልክት አደረገ። በሚያዝያ ሁለት ሦስት ቀን ዝናብ ጣለና ስንጥቁ በአንድ ስንዝር ወደ ላይ ዘልቆ ወደ እትዬ አስካለ ክፍል አቅጣጫ ታጠፈ።

አባ የእርሳስ ምልክቶቹን አንድ ቀን ቆሞ አያቸው። በማግስቱ ትልቅ ካላንደር ይዞ መጣና ስንጥቁ ላይ ሰቀለው።

«አባ፣ ግንቡ እኮ ነው የተሰነጠቀው» አለው ጀማል።

«ምርጊቱ ነው።»

«ምርጊቱ አይደለም። ጥፍሬ ይገባል።»

አባ በሩን ገርበብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ የቀበሌ ቤት ነው። ለኑሮ አይሆንም ከተባለ ውጡ እንባላለን፤ ከወጣን ደግሞ ተመልሰን አንገባም። ሥራዬ እዚህ ነው፣ ትምህርት ቤታችሁ እዚህ ነው። ለማንም እንዳታወሩ።»

«ለእትዬ አስካለስ?»

«ለማንም አልኩህ እኮ።»

ጀማል ያን ቀን አልተጫወተም። በሌላው ቀን ግን ቡድኑን ከፍቶ አባን ከመሃል ተከላካይነት አወጣው። እትዬ አስካለ አጠገብ ስሙ ያልተቀየረ አንድ የማናውቀው ሰው ቆመ። አባ ይህን ያወቀው ከሥራ ተመልሶ ሻዩን ይዞ ከኋላችን በቆመበት አንድ ምሽት ላይ ነበር።

«እኔ የታለሁ?» አለ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ።

«ተጠባባቂ ነህ» አለው ጀማል።

«ምን አጠፋሁ?»

ጀማል ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «አንተ ታውቀዋለህ» አለው። እናታችን ከጓዳ ብቅ ብላ መጀመሪያ ሁለቱን፣ ቀጥላ ካላንደሩን አየች። አባ ሻዩን ሳይጠጣ አስቀምጦ ለመግሪብ ሶላት ታጥቦ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ።

ሐምሌ ሲገባ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር በትንሽ በትንሹ ከቦታው መንቀሳቀስ ጀመረ። በራችን ከላይ እየያዘ አልዘጋ አለ። ጠዋት ጠዋት ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ትንሽ የአሸዋ ክምር እናገኝ ነበር፤ ጸጥ ስንል ደግሞ ከካላንደሩ ጀርባ ሲወርድ ይሰማን ነበር። አባ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ይሆን ነበር፤ እማ ምንም ሳትጠይቀው ታጥብለት ነበር። አንድ እሁድም የእኔንና የጀማልን አልጋ ከጀርባው ግንብ አንስቶ በር አጠገብ አደረገውና የራሱንና የእማን እዚያ አስጠጋ።

«እዚያ ይቀዘቅዛል» አለን።

በዚያ ሳምንት እትዬ አስካለ ዘንድ ክር ሳስገባ የክሩ ማጠንጠኛ ከእጄ አምልጦ አልጋቸው ሥር ገባ። በደረቴ ተኝቼ ስፈልግ፣ ግንቡ ከወለሉ በሚገናኝበት ቦታ ትንሿ ጣቴ ሙሉ በሙሉ የምትገባበት ስንጥቅ አየሁ። ከውስጡ የእርጥብ አፈር ሽታ ይወጣ ነበር።

«ምነው ቆየሽ፣ ምን አገኘሽ?» አሉኝ ከላይ።

«ምንም» አልኳቸው። ማጠንጠኛውን ሰጥቻቸው፣ ግንባሬን ስመውኝ ወጣሁ። ለጀማልም አልነገርኩትም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እማ ገበያ ወርዳ፣ ዝናቡም ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ፣ እኔና ጀማል እንጫወት ነበር። እየመራሁት ነበር። ድንገት ካላንደሩ ከሚስማሩ ተነቅሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ወደቀ። ከጀርባው የነበረው ስንጥቅ መዳፍ የሚያስገባ ሆኖ፣ ውስጡ ጥቁር እርጥብ አፈር ይታይ ነበር። አፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ጀማል ጆይስቲኩን ጥሎ ክንዴን ይዞ አወጣኝና በቀጥታ ወደ እትዬ አስካለ በር ሮጠ። በሩ አልከፈትም አለ፤ መቃኑ ዘሞ ነበር።

«እትዬ፣ ቶሎ ይውጡ፣ ግንቡ ሊወድቅ ነው» አላቸው እየደበደበ።

«ከውስጥም እምቢ አለኝ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። «ቆይ፣ ነጠላዬን ልልበስ።»

ጀማል በትከሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ገጨው፣ አልሆነም። ያኔ አባ ከላይ በኩል እየተንሸራተተ ወረደ። ራሱ ላይ ምንም አልነበረም፣ የሰዓት ማያ መነጽሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር፣ በእጁ አካፋ ይዞ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ሱቁን እየዘጋ ከግንቡ በላይ ያለውን ቦይ ሲጠርግ፣ ውኃውን ሊያስቀይስ ሲታገል እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። አካፋውን በበሩና በመቃኑ መሃል ሰክቶ እሱና ጀማል አንድ ላይ ገፉት። በሩ ተሰበረ። እትዬ አስካለን በሁለት ክንዳቸው ይዘው አወጧቸውና ግቢው መሃል ሳይደርሱ ግንቡ ወረደ። የጠበቅኩትን ያህል አልጮኸም፤ ብዙ አፈር በአንዴ ቁጭ ያለ ይመስል ነበር። የእሳቸው ክፍል ሙሉ በሙሉ፣ የእኛ ደግሞ እስከ ግማሹ ተቀበረ።

እትዬ አስካለ ዝናቡ ውስጥ ቆመው አልጋቸው የነበረበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ አዩት። እጄን ይዘው ነበር። ቀጥሎ ዐይናቸው ወደ እኛ ክፍል፣ ጭቃው ላይ ወደተንጋለለው ካላንደርና በተረፈው ግንብ ላይ ወደሚታዩት የእርሳስ ምልክቶች ሄደ።

«ሰይድ» አሉት አባን፣ «ታውቅ ነበር?»

አባ ዐይናቸውን እያየ «አውቅ ነበር» አላቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከበጋ።»

ወደ ጀማል ዞሩ። «አንተስ?»

«አዎ እትዬ» አለ፤ ማልቀስ ጀመረ።

እኔን አልጠየቁኝም። ልጅ ነኝ ብለው ይሆናል። እጄን እንደያዙ ነበሩ፤ እኔም አላስለቀቅኩም።

በዚያው ሳምንት የእህታቸው ልጅ መጥታ አምስት ኪሎ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ለእኛም ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠን፤ አባ ለዐሥር ዓመት ያህል ሁለት ታክሲ እየቀያየረ ፒያሳ ይመላለስ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር፣ የእሳቸውም ሆነ የእኛ፣ ስኳርና ቡና ይዞ እትዬ አስካለን ይጠይቅ ነበር። «ግባ፣ ተቀመጥ» ይሉታል፣ ስለ ጤናው ይጠይቁታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ሲያርፉ አባ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። እኔም ሄጄ አለቀስኩ። አልጋቸው ሥር ያየሁትን ግን በሕይወት ሳሉ ልነግራቸው ስንት ጊዜ ሄጄ፣ ስንት ጊዜ መርፌያቸው ውስጥ ክር አስገብቼ፣ ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

ዛሬ ያ ተዳፋት ተደልድሎ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ወጥቶበታል፤ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር እኔም በርግጠኝነት ማሳየት አልችልም። የምኖረው ሌላ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ጎረቤቶቼን ግን በደረጃ ላይ ከሚሰጡት ሰላምታ ውጪ አላውቃቸውም። ባለፈው ወር የመታጠቢያ ቤቴ ቧንቧ ሥር ትንሽ እርጥበት አየሁና በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርጄ ከሥሬ ያሉትን ሰዎች በር አንኳኳሁ። ሰውዬው ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ «ኧረ ምንም የለም፣ ለዚህ ነው የደከምሽው?» አለኝ። ያን ክረምት የሻያቸውን ስኳር ልክ ሳይቀር ለማውቃቸው ሴት ሳልናገር ቀረሁ፤ ዛሬ ስሙን የማላውቀው ሰው ፊት ቆሜ «ግዴለም፣ አንዴ በደንብ ይዩልኝ» እላለሁ፣ እስኪያይልኝም ከበሩ አልንቀሳቀስም።