ዘጠነኛው ሰው

ቬርላ ማይንዝ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ ነድታለች። የሊንደን ግሮቭ ሰው፣ ከባንክ ጸሐፊው እስከ ፖስታ ቤቱ ኃላፊ፣ በልጅነቱ ከኋላዋ ተቀምጦ "ቁጭ በል!" ያልተባለ የለም። አንድም ልጅ በረዶ ላይ አልጣለችም፤ አንድም ቀን አላረፈደችም። ጡረታ ስትወጣ አውቶብሱን አስረከበች፤ ድምፅዋን ግን ይዛው ቀረች።

ያ ድምፅ በየአራት ዓመቱ ይነሳባታል። የፓርቲዎች ዕጩ ምርጫ በሚጀመርባት በአዮዋ ግዛት ብርዱ ሲጠና ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደሩት ሁሉ እንደ አንበጣ ይወርዳሉ፤ በቆሎ አይተው የማያውቁ ሰዎች በአዲስ ቡትስ ጭቃ እየረገጡ "ገበሬ ወዳጄ" ይላሉ። ይህንንስ ለምዳዋለች። በዚያ ዓመት ደሟን ያፈላው የዕጩዎቹ ነገር አልነበረም፤ የጎረቤቶቿ ነገር ነበር።

በየማለዳው በከተማዋ ብቸኛ ምግብ ቤት፣ ክቡ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ማን ያሸንፋል ማን ይወድቃል ሲባባሉ ይውላሉ። የጠረጴዛው ሊቀመንበር አሳማ አርቢው ዌንደል ኦልትማን ነው። ማን ስንት በመቶ እንዳለው ከአሳማዎቹ ቁጥር በላይ ያውቃል።

"አገረ ገዥው ሃዲክስ ይወስደዋል፤ አለቀ" አለ ዌንደል አንድ ቀን፣ ዳይሱን በቆዳ ኩባያ እያንገጫገጨ። የቡናውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል በዳይስ ነው የሚለዩት። "ገንዘብ አለው፣ ስም አለው፣ ቁመናውም ያምራል።"

"ፕሬዝዳንት ነው የምትመርጠው ወይስ የአጥር ቋሚ?" አለች ቬርላ።

"አትቆጪ እንግዲህ። ያንቺን ዕጩ፣ ዶክተር ክዊልን፣ እኔም እወዳታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ከሁሉም እሷ ትሻላለች። ግን አታሸንፍም።"

"ማን አለ?"

"ሰው ሁሉ ነዋ!"

"ሰው ሁሉ ማነው? እስቲ ስም ጥራ።"

ዌንደል ወደ ማርዴል ዞረ። ማርዴል የትምህርት ቤቱ ማብሰያ ቤት ኃላፊ የነበረች፣ የቬርላ የአርባ ዓመት ጓደኛ ናት። "አንቺስ ማርዴል፣ አታሸንፍም አይደል?"

ማርዴል ፓይዋን በሹካ እየቆረሰች፣ "እኔ በበኩሌ እሷን ነበር የምፈልገው" አለች፤ "ግን የሰው ልብ እንዴት ይሆናል? ድምፄን ከማባክን ብዬ..."

"ዳይስ ትጥላላችሁ!" አለች ቬርላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ። "ለቡና ዋጋ በየቀኑ ዕድላችሁን ትሞክራላችሁ፣ ለአገር ሲሆን ብቻ ሁላችሁም ጥንቁቅ ትሆናላችሁ!"

ሳቁ። ቬርላ ቆጣ ስትል መሳቅ የከተማው ልማድ ነው። እሷ ግን የምትቀልድበት ጉዳይ አልነበራትም።

ከሦስት ዓመት በፊት የወረዳው ሆስፒታል "ወላድ አነሰ፤ አያዋጣም" ተብሎ የማዋለጃ ክፍሉ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ልጇን ጃኔልን ምጥ ያዛት፤ ያውም በረዶ በሚያጎን ቀን። ቀጣዩ ሆስፒታል ሃምሳ ሁለት ማይል ይርቃል። ቬርላ ራሷ ነዳች። ሠላሳ ስምንተኛው ማይል ላይ ሕፃኑ በኋላ ወንበር ተወለደ፤ አላለቀሰምም። የሰውን ልጅ ሁሉ ሠላሳ አንድ ዓመት በሰላም ቤቱ ያደረሰች ሴት የገዛ የልጅ ልጇን ማድረስ አቃታት።

በመኸር ወቅት ዶክተር ኖራ ክዊል ሊንደን ግሮቭ ስትመጣ በቬርላ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ለፕሬዝዳንትነት ከመወዳደሯ በፊት ገጠር ውስጥ ስታዋልድ የኖረች ሐኪም ናት። ሰዓቷን አላየችም፤ "አይዞሽ፣ እኔ ስመረጥ" አላለችም። የሕፃኑን ነገር ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "ስሙ ማን ነበር?"

ያንን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። የመለሰላት ባሏ ዴልማር ነው። "ኦወን" አለ፤ ቆቡን አንስቶ ወደ ከብቶቹ ቤት ወጣ፤ እስኪመሽም አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ ዶክተሯ በየክርክሩ፣ በአገሩ ሁሉ ፊት፣ በየገጠሩ የተዘጉትን የማዋለጃ ክፍሎች አስከፍታለሁ ትል ጀመር። ሌሎቹ ዕጩዎች ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ አላሉም። ቬርላም የሊንደን ግሮቭን ሰው አሰልፍልሻለሁ ብላ ቃሏን ሰጠች።

ቃሏን ግን በየቤቱ "አታሸንፍም" የምትባል ቃል ትበላባት ጀመር። የገዛ ቤቷም አልቀረላትም። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ምሽት ስልክ ጮኸ፤ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስቡት ናቸው። ዴልማር ከሰው ጋር ማውራት ስለሚወድ እንደነሱ ባለ ደዋይ ላይ ስልክ አይዘጋም። ቬርላ ሳህን እያጠበች ሰማችው።

"ገዥው ሃዲክስ" አለ ዴልማር በስልኩ። "አዎ፣ እሱን ነው።"

ስልኩን ሲያስቀምጥ ሳህኑን እንደያዘች ፊቱ ቆመች። "ምንድን ነው ያልከው?"

"ጠየቀኝ፤ መለስኩለት።"

"ማንን ትመርጣለህ ነው እኮ ያለህ! ማን ያሸንፋል መች አለህ?"

"ያው አይደለም እንዴ?"

በሳምንቱ ጋዜጣው መጣ። ዴልማር መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበላት። "አየሽ? ክዊል አራት በመቶ። ነግሬሽ ነበር እኮ ቬርላ።"

"አንተ ለነሱ ነገርካቸው፤ እነሱ መልሰው ላንተ ነገሩህ!" አለች፤ ጎረቤት እስኪሰማ። "የገደል ማሚቶ ሰምተህ 'ሰው ተናገረ' ትላለህ? የገዛ ድምፅህ እኮ ነው ዴልማር!"

"እኔ አንድ ሰው ነኝ" አለ ዴልማር፣ ጋዜጣውን እያጠፈ። "አንድ ሰው ምን ያመጣል?"

ያን ቀን ቬርላ አሮጌውን የአውቶብስ ደብተሯን ከመሳቢያ አወጣች። ድሮ ያጠፉትን ልጆች ስም የምትጽፍበት ነው። በባዶው ገጽ ላይ "እወዳታለሁ፣ ግን" ያሏትን ሰዎች ስም፣ የት እንዳሏት ጨምራ፣ መመዝገብ ጀመረች። ጥር ሲመጣ ሃያ ሦስት ደርሰው ነበር። ሃያ ሦስት ሰው፣ ሁሉም እሷን ይፈልጋል፣ ሁሉም ሌላው አይፈልጋትም ብሎ ያስባል! በዚህ ያልተናደደ በምን ሊናደድ ነው?

የፓርቲው ዕጩ በሚመረጥበት የጉባኤ ቀን ስልሳ ሰው በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ተሰበሰበ። እዚህ አገር ለዕጩ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት አይደለም፤ በእግር ነው። ሰው ሁሉ በጎረቤቱ ፊት ተነስቶ ወደ ዕጩው ማዕዘን ይሄዳል፤ ይቆጠራል። የገዥው ሰዎች በበሩ በኩል ኬክ ደርድረዋል። የሌላው ዕጩ፣ የሴናተር ብራንት፣ ሰዎች በመቀመጫዎቹ በኩል የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ይዘዋል። ቬርላ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ቆመች፤ ምንም አልያዘችም፣ ደብተሯን ብቻ።

ጉባኤውን የሚመራው የታሪክ መምህሩ ከርት ነበር። እሱም የአውቶብሷ ልጅ ነው። "አሥራ አምስት በመቶ ያልሞላ ቡድን ይበተናል" ብሎ አስታወቀ። "ስልሳ ነን፤ ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ያስፈልጋል።"

ተቆጠረ። ገዥው ሠላሳ አንድ። ሴናተሩ ሃያ አንድ። መረቡ ሥር ስምንት።

"አንድ ሰው ይጎድላችኋል ወይዘሮ ማይንዝ" አለ ከርት። "ግማሽ ሰዓት አላችሁ። ከየትኛውም ቡድን ሰው መዞር ይችላል።"

ወዲያው ዌንደል ኬክ በሳህን ይዞ መጣ። "ነይ በቃ ወደኛ፤ ባልሽም እዚያ ነው። ወንበር ይዞልሻል።"

ቬርላ ወደ በሩ ተመለከተች። ዴልማር ከገዥው ሰዎች መሃል ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ቆቡን አኑሯል። እጁን አነሳላት፤ ፈገግም አለላት።

"ኬክህን አንሳልኝ" አለችው ዌንደልን። "ከርት! ሁሉም ቡድን የመናገሪያ ጊዜ አለው፤ አይደለም?"

"አለው፣ ወይዘሮ ማይንዝ።"

መሃል ሜዳው ላይ ወጥታ ደብተሯን ገለጠች። አዳራሹ ገና ሳትናገር ጸጥ አለ፤ ያንን ደብተር የማያውቅ አልነበረም።

"ዌንደል ኦልትማን" አለች። "ኅዳር፣ ምግብ ቤት። 'ከሁሉም እሷ ትሻላለች፤ ግን።' ማርዴል ፍሪክ። እዚያው ጠረጴዛ። 'እሷን ነበር የምፈልገው፤ ግን።' ጄሪ ሃርምስ። ነዳጅ ማደያው ጋ። 'ሚስቴም እኔም ወደናታል፤ ግን።'"

እያንዳንዱ ስሙ ሲጠራ፣ ስልሳ ዓመት የሞላውም ሰው፣ ወደ ጫማው አየ። ሃያ ሁለት ስም አነበበች። ሃያ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ግን አነበበችው።

"ዴልማር ማይንዝ። በየቀኑ፣ እራት ላይ።"

ደብተሩን ዘጋችው። "ሃያ ሦስት ሰው አልለምንም። ሃያ ሦስታችሁም የልባችሁን ብትሠሩ ኖሮ ሴናተሩ አይደርስብንም ነበር፤ እሱስ ይቅር። አንድ ሰው ስጡኝ። አንድ! የትኛችሁም ብትሆኑ።"

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በከንቱ አይደለም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ሁሉም የሌላውን እጅ እያየ ሎሚዋን መሬት ላይ ተዋት። ዌንደል ዴልማርን አየ። ዴልማር ዌንደልን አየ። ማርዴል ከወንበሯ ብድግ ብላ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ሌላ የተነሳ እንደሌለ ስታይ ቀሚሷን አስተካክላ፣ የተነሳችው ለሱ እንደሆነ ሁሉ፣ መልሳ ተቀመጠች። ከርት የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ የእጁን ሰዓት አየ፤ ከደንቡ ሦስት ደቂቃ ሰርቆ ጨመረ። ማንም አልመጣም።

"ወይዘሮ ማይንዝ፣" አለ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ማየት አቅቶት፣ "ሰዓቱ አልቋል።"

ሰባቱ አንድ በአንድ ወደ ሌሎቹ ማዕዘኖች ሄዱ፤ እያንዳንዳቸው እጇን ጨብጠው። እሷ ከመረቡ ሥር አልተነቃነቀችም። ከርት የት ልጻፍዎ ሲላት "እዚሁ ጻፈኝ" አለችው። ደንቡ አይፈቅድም አላት። "እንግዲያው ደንቡ ራሱ መጥቶ ያንሳኝ" አለች፤ እስከ መጨረሻው ቆጠራም ብቻዋን ቆማ ቆየች። በማንም ስም አልተቆጠረችም።

ሲወጡ ማርዴል በሩ ላይ ክንዷን ያዘቻት። "ያሳዝናል ቬርላ። ምርጧ እኮ እሷ ነበረች።"

ቬርላ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ወደ ቤት ስትነዳ ዴልማር ቆቡን ጉልበቱ ላይ ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል። መንገዱ በረዶ ለብሷል፤ እሷ ግን እንዲህ ባለ መንገድ መንዳት ድሮም ለምዳዋለች።

"ሁሉም ፊት ስሜን አነበብሽው" አለ በመጨረሻ።

"አነበብኩት።"

"ልነሳ ነበር እኮ፤ ትሰሚኛለሽ? እግሬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ዌንደል ቢነሳ እነሳ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ቢነሳ ኖሮ..."

ቬርላ መኪናውን የመንገዱ ዳር አስይዛ አቆመች። ድሮ ልጅ ከወንበሩ ሲነሳባት እንደምታደርገው ሙሉ በሙሉ ወደሱ ዞረች። ድሮ የምትጮህበት ድምፅ ግን ዛሬ አልነበረም።

"የኦወንን ስም የነገርካት አንተ ነህ፣ ዴልማር" አለች። "ያ አንዱ ሰው አንተ ነበርክ።"