ያ ድንኳን ሲጠገን

ባለፈው ጥቅምት የልጄ ልጆች ወትውተው ሐይቅ ይዘውኝ ሄዱ። ይኼን ያህል ዘመን ደሴ ተቀምጬ ሐይቅን ከአውቶቡስ መስኮት በቀር አላየሁትም ብል አላምን ብለውኝ ነበር። ውኃው ዳር ካለ አንድ መዝናኛ ግቢ ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ሰው ሣሩ ላይ ጀልባ ደፍቶ ሆዷን እየፋቀ አገኘነው፤ ከጎኑ ደግሞ ነፋስ የሚነዳበትን ትልቁን ሸራዋን ዘርግቶታል፤ ክረምት ያበላሸውን በጥቅምት ካልጠገንኩ እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ አለን። ፍቆ ሲደክመው ከሸራው ሥር ቁጢጥ ብሎ የተቀደደውን በወፍራም መርፌ ይሰፋል፤ ክሩንም ከመስፋቱ በፊት በሰም ድቡልቡል ላይ እየጎተተ ያሸዋል። የሰሙና የእርጥቡ ሸራ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲገባ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ደንግጦ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ፀሐዩ ነው አልኩት።

ፀሐዩ አልነበረም። እኔ የላስታ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ከአሸተን ማርያም ሥር፣ ገደሉ ትንሽ ራራ ብሎ ለሰውና ለገብስ ቦታ በለቀቀበት ደረት ላይ ነው። ጀልባ የሚባል ነገር በሥዕል እንኳ አላየንም፤ የኖኅን መርከብም መምሬ ካሳ ሲተርኩልን እኛ ልጆች የምናስበው በር ያለው ትልቅ ጎተራ አድርገን ነበር። ግን እኛም ሸራ ነበረን፣ ገመድና ምሰሶ ነበረን፣ በየዓመቱ ጥቅምት የምንጠግነው። የጽዮን ማኅበራችን ድንኳን ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ደጁ ሲደርቅ ድንኳኑ ከመምሬ ካሳ ቤት ቆጥ ላይ ይወርዳል። ጢስ ጢስ፣ አይጥ አይጥ እየሸተተ አራት ወንድ ተሸክሞት አውድማው ላይ ሲዘረጋው፣ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ወልደው የከበዱ አይጦች በየአቅጣጫው ይፈተለካሉ፣ እኛ ልጆች እየጮህን እንከተላለን፣ ውሾቹ ከእኛ ብሰው ይጮሃሉ፣ በዚህ ግርግር መሀል አንድም አይጥ ተይዞ አያውቅም። ከዚያ ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ይቀመጣሉ፤ ክሩ የሚፈተለው እዚያው ነው። ወንዶቹ የላላውን አውታር ፈትተው በአዲስ ቃጫ ይገምዳሉ፣ የበሰበሰውን ካስማ ጥለው ከወይራ አዲስ ይጠርባሉ። መምሬ ካሳ ደግሞ የራሳቸው ሥራ ነበራቸው፤ ሸራው ከፍ ተደርጎ ሲያዝላቸው ከሥሩ በጀርባቸው ተንጋለው ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ እየጠቆሙ ማሳየት። ሁለት ሦስቱን ካሳዩ በኋላ ጣታቸው ወደ ሰማይ እንደተቀሰረች ማንኮራፋታቸው ይሰማል። አንድም ሰው ቀስቅሷቸው አያውቅም።

ስፌቱ የአባቴ ነበር። ክሩን በሰም አሽቶ፣ መርፌውን አንዴ ወደፊት ወስዶ አንዴ ወደኋላ እየመለሰ የሚሰፋው ድርብ ስፌት ነው፤ «ጨርቁ ያልቃል እንጂ ይኼ አይለቅም» ይል ነበር፣ በሌላ ነገር የማይኮራ ሰው። እናቴንም አስተምሯት ሁለቱ ከሁለት ጫፍ ይጀምሩና መሀል ላይ ሲገናኙ የእሱንና የእሷን መለየት ያቅተናል። መጣፊያውን የሚያመጣው እያንዳንዱ ቤት ነው፤ ከቤተሰቡ ልብስ ተቀድዶ የመጣ እራፊ መሆን አለበት፣ የተገዛ አይሆንም። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው መንደሩ ሁሉ እላዩ ላይ ነበር፤ የዚያች መበለት ቀሚስ እዚህ ጋ፣ የዚህ ሽማግሌ ኩታ እዚያ ጋ። ሁለት ጎረቤቶቻችን የማን እራፊ ከበሩ በላይ ይሁን በሚል አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ነበር፤ ያስታረቃቸው አይጥ ነው፣ ሁለቱንም በላላቸው።

ድንኳኑ ሲተከል ሕግ ነበረው። ወንድ ሁሉ ዱላውንና ቢላዋውን ከውጭ ካስማው ሥር አስቀምጦ ይገባል፤ አውታሩን አልፎ የገባን ሰው ደግሞ ማንም አይነካውም። ደም የተቃቡ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ከአንድ ጽዋ ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሲወጡ አንዱ በላይኛው መንገድ፣ አንዱ በታችኛው ሄዱ። ይኼን ሕግ የሚጠብቁት የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ አያ ሲሳይ ነበሩ። ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ሲናገሩ እጃቸው የማይወራጭ ሰው፤ ለእኛ ለልጆች ከኪሳቸው ቆሎ የማይጠፋ። አባቴ ከወንድሞቹ አብልጦ የሚወዳቸው እሳቸውን ነበር። ደርግ መጥቶ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ይመረጥ ሲባል መንደሩ ሌላ ሰው አላሰበም፤ እሳቸው ከሆኑ ምን ይመጣብናል ተባለ።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። በሬዎቻችን አለቁ፣ አውድማው ላይ የሚበራይ ጠፋ፣ ሣር የበቀለበት የመጀመሪያው አውድማ ነው ብለው ሽማግሌዎች ቀለዱ፤ ሣርም አልበቀለበትም። ረሀቡ ሳያንስ ሰፈራ መጣ። ካድሬና ሚሊሺያ ገበያ ከበው የቆመ ወንድ እየለቀሙ፣ ውኃና ለም መሬት ወዳለበት እንወስዳችኋለን እያሉ፣ ማንም ወደማያውቀው አገር ይጭኑ ጀመር። መሬታችንን ለቀን አንሄድም ያሉ ወንዶች ወደ አሸተን ገደል ወጥተው በየዋሻው ተሸሸጉ፤ አባቴም አንዱ ነበር። አልፎ አልፎ ሲያገኝ እናቴ ድንጋይ ሥር የምትተውለትን ጥቂት ቆሎ ይወስዳል፣ ባዶውን ከረጢት ጠቅልሎ ይተውላታል፤ በሕይወት መኖሩን የምናውቀው በከረጢቱ ነበር።

በዚያ ጥቅምት አያ ሲሳይ ቤታችን መጡ። እናቴ የሚቀመጡበት አጎዛ ስታነጥፍ አትድከሚ ብለው ቆመው ተናገሩ።

«ጥሩዬ፣ ድንኳኑን ጠግኑት እንጂ። ለጽዮን እንተክለዋለን።»

«ኧረ አያ ሲሳይ፣ ምን ቀምሰን ነው ጽዋ የምንጠጣው?»

«ጽዋው ውኃም ቢሆን ጽዋ ነው። ደግሞ እርዳታ እህል ደርሷል፣ ለማኅበርተኛው እዚያው እናድላለን። ወንዶቹም ከዋሻ ለዋሻ ከሚያልቁ አንድ ቀን ወርደው ልጆቻቸውን ይዩ።»

እናቴ ፈራች። «ቢያዙብንስ?» አለች።

«አውታሩን ያለፈ ሰው ማን ነክቶ ያውቃል? እኔ እያለሁ?» አሉ። «መላክም አያስፈልግሽ። ከላይ ሆነው ነጭ ብሎ ሲያዩት ራሳቸው ይወርዳሉ።»

ሲወጡ እናቴ መሬት ስማ አለቀሰች፤ ደስታ ነበር። በማግሥቱ ሴቶቹ ብቻቸውን ድንኳኑን አወረዱት። ሰም የሚገኝበት ቀፎ አልነበረምና መምሬ ካሳ ከቤተ ክርስቲያኑ የጧፍ ቁራጭ ለቃቅመው አመጡ። ክር የሚፈትል ጣት ሁሉ አጥንት ሆኗል፣ ቢሆንም ይፈተላል፣ ይዘፈናልም፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የዚያን ጊዜ የሰማሁት ዘፈን ከዓመቱ ሁሉ ብቸኛው ነው። ከእኛ ቤት የሚቀደድ ልብስ አልቆ ስለነበር እናቴ የአባቴን ጋቢ ጠርዝ ከነጥለቱ ቆርጣ በኋላኛው ግድግዳ ላይ ጣፈችው። ሲመጣ ያየዋል፣ ይስቃል አለችኝ። አባቴ እንዳስተማራት፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ፣ አንድም ቦታ ሳታሳሳ ሰፋችው። ያን ዓመት ድንኳኑ ከመቼውም ይልቅ ደኅና ተጠገነ።

የጽዮን ለት ተተከለ። ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ በአንድ በአንድ ከገደሉ ወረዱ፤ ጢማቸው አድጎ፣ ዓይናቸው ገብቶ፣ አንዳንዱን ልጁ እንኳ ፈርቶ ሸሸው። እንደ ወጉ ዱላቸውንና ቢላዋቸውን ካስማው ሥር አስቀመጡ። አባቴ ከመግባቱ በፊት ብድግ አድርጎ አንገቴን ሳመኝ፤ የድንጋይና የጢስ ሽታ ነበረው። መምሬ ካሳ ጸሎት አደረሱ፣ በጽዋው ውኃ ተቀዳ። አያ ሲሳይ ቀድመው ቀመሱና፣ አውታሩ የላላ መሰለኝ፣ ልየው ብለው ወጡ።

እስከዚህ ድረስ አንቱ ያልኩት እናቴ ስላሳደገችኝ ነው። ከዚህ በኋላ አንቱታውን አልሰጠውም። ወጥቶ የበሩን መጋረጃ በገዛ እጁ ጣለው። ከገደሉ ጥግ ሚሊሺያው ብድግ ብድግ ብሎ ድንኳኑን ከበበ፣ የጠመንጃው አፍ በመጋረጃው ሥር ብቅ አለ። ወንዶቹ ዱላ ቢሉ ዱላ የለ፣ ቢላዋ ቢሉ ሁሉም ከውጭ ካስማው ሥር ነው። ወደ ኋላኛው ግድግዳ ሮጠው ጨርቁን ለመቅደድ ይጎትቱት ጀመር፤ ከዚያ ማዶ ገደሉ ቅርብ ነበር፣ አንድ ክንድ ቢከፈትላቸው ያመልጡ ነበር። ስፌቱ አልለቀቀም። አባቴ ሁለት እጁን ከስፌቱ ውስጥ ሰክቶ እግሩን መሬት ረግጦ ሲጎትት አየሁት፤ ቀጥሎ ቆመ፤ የጨበጠውን ነገር አየ፣ የራሱን ጋቢ ጥለት። ዞር ብሎ ሴቶቹ በቆሙበት በኩል እናቴን ተመለከታት። እኔ ያኔ የስንብት አተያይ መሰለኝ።

ሴቶቹንና ልጆቹን አስወጥተው ወንዶቹን አስረው ወደ መኪናው መንገድ ነዷቸው፣ ቤተሰብ በኋላ ይከተላል እያሉ። የተከተለ ቤተሰብ አላውቅም። ቆይቶ ኢሉባቦር ናቸው የሚል ወሬ ደረሰን። ለማኅበርተኛው የሚታደል ተብሎ የነበረውን እህል ማንም አላየውም። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ ይመክረኛል፤ ኮታ ነበረበት፣ ካላሟላ የራሱን ልጆች ሊወስዱ ነበር ይለኛል። ይሆናል። በገበያ ከቦ ቢወስዳቸው ኖሮ እንደ ሌላው አገር ረግሜ እተወው ነበር። እሱ ግን በጽዮን ስም ጠርቶ፣ በገዛ እጃችን አስፈትሎና አሰፍቶ ነው የበላን። አልማርኩትም፤ በተዝካሩም ቀን መንገዱን አልረገጥኩም።

ደርግ የወደቀ ዓመት የሄዱት መመለስ ጀመሩ። ከጎረቤት አንዱ ገባ፣ ሌላው ገባ፣ እናቴ በየቀኑ ደጁን ስትጠርግ ትውላለች። አባቴ ግን አልመጣም። እዚያው ላስታ፣ ብልባላ፣ እኅቱ ዘንድ መቀመጡን የሰማነው ከአህያ ነጋዴ ነው። እናቴ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በራሷ ፈትላ ያሸመነችለትን አዲስ ጋቢ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሁለቱን ስንግ፣ የጋቢውን ሁለት ግማሽ ማለት ነው፣ መሀሉ ላይ የገጣጠመችውም ራሷ ነበረች። ይዤለት ሄድኩ።

ሸምግሏል። ስሜን ጠርቶ አቀፈኝ፣ አለቀሰ። ጋቢውን ሲቀበለኝ ግን አልለበሰውም፤ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መሀሉን በጣቱ ሄደበት።

«ይኼ ስፌት የማን ነው?»

«የእማ ነው።»

«ያስ? የድንኳኑስ?»

«የእሷ ነው። ግን አባዬ፣ እማ ምንም አታውቅም ነበር። እህል ይታደላል፣ ልጆቻቸውን ይዩ ብሎ ያ ሰውዬ አታሏት ነው።»

ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት እከራከረው ነበር። «አንቺ ልጇ ነሽ» አለኝ፣ ሌላ ምን ትያለሽ እንደማለት። ጋቢውን አጥፎ መልሶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

ድርቁ በሬዎቻችንን ወሰደ፤ ዘነበና ሌላ በሬ ተገዛ። ሰፈራው አባቴን ወሰደ፤ እሱንም ዕድሜ ሰጥቶ መለሰው። ሲሳይ የወሰደብን ግን አንዲት ሴት «አላውቅም ነበር» ስትል የሚያምናትን ባል ነው፤ እሱን የሚመልስ መንግሥት አልመጣም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ክንዴ ላይ ያለውን ጋቢ ስታይ ነገሩን አወቀችው። ምን አለሽ አለችኝ፣ እንዳለ ነገርኳት። ልትረግመው ነው ብዬ ስፈራ፣ «እውነቱን ነው» አለች፤ «እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።» ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ወስፌ አነሳችና የጋቢውን መሀል መፍታት ጀመረች። ድርብ ስፌት ስለነበር ለሁለት እስኪለያይ ፀሐይ ገባ።