በኮት ገበር ውስጥ የተገኙት ኪኒኖች

ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ የሆነ ሰው ናቸው። ልባቸው ከደከመ ወዲህ የምትጦራቸው የልጃቸው ሚስት ናት። ባሏ ጭነት መኪና ይዞ መንገድ ለመንገድ ስለሚከርም፣ የመድኃኒቱ ነገር በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራት ኪኒን በትንሽ ሳህን፣ ውሃ በብርጭቆ አድርጋ ታቀርብላቸውና ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። የባሏን አባት እንደ ሕፃን ቆሞ ማስዋጥ ነውር መሰላት።

በሁለተኛው ወር እግራቸው አበጠ። ጫማ እምቢ አለ። ክሊኒክ ወሰደቻቸው።

«መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» አለ ሐኪሙ።

«እንዴታ! ምራቴ ምስክሬ ናት። ዋሽቼ ከሆነ ዐይኔን ግንባር ያርገው!»

ሐኪሙ ደም አስመረመራቸውና፣ እብጠቱ በሳምንት ካልጎደለ መጠኑን እንደሚጨምር ነግሮ ሸኛቸው።

በማግስቱ የተቀደደ የኮት ኪሳቸውን ልትጠግን ገበሩን ስትፈታ፣ ትናንሽ ነጫጭ ኪኒኖች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ። ቆጠረቻቸው፤ ዐሥራ ዘጠኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ከሰውነት ውሃ በሽንት የሚያስወጣው ኪኒን ነው። ደሟ ፈላ። ኪኒኖቹን በመዳፏ፣ ኮቱን በክንዷ ይዛ ገባች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አዩና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ኮቱን ማን ፍቺው አለሽ?»

«እኔ እግርዎ አበጠ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፣ እርስዎ ኮቱን ያጎርሱልኛል?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ቀን ሻይ ደፋሁበት ያልኩሽ ሱሪ… ሻይ አልነበረም» አሉ።

ሁልጊዜ ጠዋት ከጓደኞቻቸው ጋር ዳማ የሚጫወቱት በሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ በረንዳ ላይ ነው። እዚያ መጸዳጃ የለም፤ ኪኒኑ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ያን ቀን ወደ ቤት ሲጣደፉ መንገድ ላይ አመለጣቸው።

«ስንቱን መንገደኛ በሰዓቱ ያደረስኩ ሰውዬ፣ ራሴን ቤቴ ማድረስ አቃተኝ» አሉ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዲህ ያለው ነገር ለምራት ይነገራል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እሱን እኮ ለሰው ነው የምለው!» አሉና ሳቅ አመለጣቸው። እሷም ሳቀች፤ ዐይኗን በያዘችው ኮት እጅጌ ጠረገች።

«ለሐኪሙ ልንገረው?»

«አንቺ ንገሪው፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።»

ቀጠሮውን ሳትጠብቅ ይዛቸው ሄደች። ሐኪሙ አልሳቀም። «እንኳን ነገርሽኝ። መጠኑን ጨምሬ፣ እሳቸውም አንድ ቀን የታዘዘውን ሁሉ ቢውጡ፣ ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችሉ ነበር» አላት። መጠኑን ሳይነካ የሽንቱን ኪኒን ብቻ ከዳማ መልስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ አደረገው። ሌሎቹ ሦስቱ ጠዋት እንደነበሩ ቀሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጫማው ገባ። ሽማግሌው አንዳንድ ቀን ጨዋታው ሲሞቅ ስምንት ሰዓት ያልፍባቸዋል፤ ያን ጊዜ እሷ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በረንዳው ድረስ ትሄድና «አባባ፣ ምሳ ቀርቧል» ትላለች። ስለ ኪኒን በሰው ፊት ትንፍሽ አትልም። እሳቸውም ያውቁታል፤ እያጉረመረሙ ይነሳሉ።